«አታሟርቺ» እንዳልባል ብዬ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለቤቴና ጓደኞቹ በጁላይ አጋማሽ ቅዳሜ ቀን ሌክ አና በተባለው ሐይቅ ላይ ፖንቱን ጀልባ ተከራይተን ቤተሰብ ሁሉ ውሃ ላይ እንዲውል ወስነዋል። 11 አዋቂዎችና 5 ልጆች ነን፤ የመጨረሻዋ ልጄ ገና 2 ዓመቷ ነው። ከጎንደር ልትጠይቀን የመጣችው እናቴም አብራን ትሄዳለች። ከመካከላችን በደንብ የሚዋኙት 3 ሰዎች ብቻ ናቸው። ጀልባው የሚይዘው 12 ሰው መሆኑን ውሉ ላይ አንብቤ ለባለቤቴ ስነግረው «ሕፃናቱ ጭን ላይ ስለሚቀመጡ አይቆጠሩም» አለኝ። ውሉ በባለቤቴ ስም ነው፤ የሚነዳው ግን ከዚህ በፊት ጀልባ ነድቻለሁ የሚለው ታላቅ ወንድሙ ነው። ቢራው ከወዲሁ ተገዝቷል። ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ) ይልበስ ብዬ ገና አፌን ስከፍት «አታሟርቺ» ተባልኩ። የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ደፍሬ መናገርም ይከብደኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ዝም ማለትም የለብዎትም። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2023 በመላ አገሪቱ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። የአሟሟታቸው ምክንያት ከታወቀው መካከል ከ4ቱ 3ቱ የሞቱት ሰጥመው ሲሆን፣ ከሰጠሙት ውስጥ ደግሞ ከ100ው 87ቱ ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ላይፍ ጃኬት ጀልባው ውስጥ መኖሩ ብቻውን አያድንም። ሰው ሳያስበው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠው ጃኬት እዚያው ከመቀመጫው ሥር ይቀራል፤ ቢወረወርለት እንኳ ዋና የማይችል፣ የደነገጠና ውሃ የጠጣ ሰው ክንዱን አስገብቶ ማሰሪያውን ለመቆለፍ የሚያስችል ፋታ አያገኝም። ስለዚህ እርስዎ የጠየቁት ነገር፣ ማለትም ሁሉም ሰው ከመሳፈሩ በፊት ለብሶ እስኪወርድ ድረስ እንዳያወልቅ መጠየቅ፣ ከሚደረጉት ጥንቃቄዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው ይሉኝታው ነው። ታላቅን ላለማስቀየም፣ እንግዳን ላለማሳፈር፣ የደስታውን ቀን ላለማበላሸት እየተባለ ማንም ማንንም ሳይናገር ሁሉም ይሳፈራል። ኪራዩ ተከፍሎ፣ ምግቡ ተጭኖ፣ ልጆቹ ከደስታ ብዛት መያዣ መጨበጫ አጥተው ሳለ ጀልባው አጠገብ ቆሞ «ይህ አይሆንም» ማለት ለማንም ሰው ይከብዳል። በዚህ ምክንያት ንግግሩ በሙሉ ከቅዳሜው በፊት፣ እቤት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ለዘመድ ወዳጁ የሚናገሩትም እርስዎ ሳይሆኑ ውሉን የፈረሙት ባለቤትዎ ቢሆኑ ይሻላል። እርስዎ ባለቤትዎን ብቻቸውን ሲያገኙ፣ ሰው በሌለበትና ሁለታችሁም በተረጋጋችሁበት ሰዓት ያነጋግሯቸው። «ፈራሁ» ብለው ብቻ አይተዉት። የሰውን ቁጥር፣ የነጂውን ጉዳይና የልጆቹን ጃኬት አንድ በአንድ አንስተው መልስ ይጠይቁ። ፍርሃትን ማጣጣል ቀላል ነው፤ ውሉ ላይ የተጻፈ ቁጥር ግን መልስ ይፈልጋል።

የሰውን ቁጥር በተመለከተ ባለቤትዎ ተሳስተዋል። 12 ሰው ማለት ጭን ላይ የሚቀመጠውንም ሕፃን ጨምሮ 12 ነፍስ ማለት ነው፤ ከሰው ቁጥር በተጨማሪም ጀልባው ሊሸከም የሚችለው ክብደት በፓውንድ ተወስኖ ስለሚገለጽ ምግቡ፣ መጠጡና በረዶው ሁሉ ከዚያ ላይ ይታሰባሉ። ፖንቱን ጀልባ በአልሙኒየም ቱቦዎች ላይ የተንጣለለ ወለል ስለሆነ ሲታይ ሰፊና የማይነቃነቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ ሲጫን፣ በተለይም ሰው ፎቶ ለመነሳት ወይም የሚያልፍ ጀልባ ለማየት ወደ ፊት ሲሰበሰብ፣ አፍንጫው ወደ ውሃው ዘልቆ ማዕበሉ ወለሉ ላይ ይወጣል። ለ16 ሰው ያለው መፍትሔ ሁለተኛ ጀልባ መከራየት ወይም በሁለት ዙር መሄድ ነው። እኔ ሁለት ዙሩን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ጀልባ ሁለተኛ ብቁ ነጂ ይፈልጋል። ግማሹ ሰው ጠዋት ሲሄድ የቀረው በሌክ አና ስቴት ፓርክ ሜዳ ላይ ምግብ እያዘጋጀ ይቆያል፤ ውሃ የሚፈራ ሰውም ማንንም ሳያስቀይም ከዚያ የመቅረት ዕድል ያገኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ባለቤትዎ ታላቅ ወንድም እንምጣ። በቨርጂኒያ ሕግ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለውን ጀልባ የሚነዳ ሰው የጀልባ ደኅንነት ትምህርት መውሰድ ይጠበቅበታል። ለተከራዮች ልዩ ሁኔታ አለ፤ እርሱም የሚያገለግለው በኪራይ ውሉ ላይ ነጂ ተብሎ ለተመዘገበና ጀልባውን ከመረከቡ በፊት አከራዩ የሚያስነብበውን የደኅንነት ዝርዝር ላጠናቀቀ ሰው ነው። ስለዚህ ስማቸው ውሉ ላይ ሳይኖር መሪውን ቢይዙ ችግሩ የቤተሰብ ብቻ አይሆንም፤ አደጋ ቢደርስ ውሉን የፈረሙት ባለቤትዎም ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ወይ ስማቸው ይጨመርና ማብራሪያውን አብረው ይከታተሉ፣ ወይም ባለቤትዎ ይንዱ። ከተቻለ ሁለቱም ከቅዳሜው በፊት በኢንተርኔት የሚሰጠውን ትምህርት ወስደው ቢጨርሱ የበለጠ ደስ ይለኛል። ዕውቀቱ ለሌላ ጊዜም ይጠቅማቸዋል።

ባለቤትዎ ወንድማቸውን ሲያነጋግሩ ክብራቸውን ጠብቀው ሥራ እንዲሰጧቸው እመክራለሁ። ለምሳሌ «ጋሼ፣ ውሉ በእኔ ስም ስለሆነ ኃላፊነቱ እኔው ላይ ነው። አንተ ቀድመህ ጃኬቱን ከለበስክ ሌላው እንቢ አይልም፤ ስለዚህ ሰዉን ሁሉ አስለብሰህ ካየህ በኋላ እንድንነሳ አንተ ፍቀድልን» ቢሏቸው የሚቀየሙ አይመስለኝም። በእኛ ቤት ታላቅ የለበሰውን ታናሽ ለመልበስ አያፍርም። ጎልማሶቹ ሳይለብሱ ልጆቹን ብቻ ማስለበስ ግን ልጆቹ እስኪያወልቁት ድረስ ብቻ የሚቆይ ጥንቃቄ ነው። በፌዴራል ሥልጣን ሥር ባሉ ውሃዎች ላይ፣ ክልሉ የራሱ ደንብ ከሌለው፣ ጀልባ በሚጓዝበት ጊዜ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ጃኬት እንዲለብስ ሕጉ ያስገድዳል፤ ዋና ለማይችል ጎልማሳ ግን ውሃው ዕድሜ አይለይም።

ጃኬቱ ራሱ ልክ ካልሆነ ሊያድን አይችልም። በውስጡ በኩል የተሰፋውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የልጆች ጃኬት የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው። ከ30 ፓውንድ በታች፣ ከ30 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 90 ተብሎ የተለያየ ሲሆን፣ ከ90 ፓውንድ በላይ የሆነ የአዋቂ ጃኬት ይለብሳል። የ2 ዓመቷን ልጅዎን እቤት መዝነው ይሂዱ። ለእርሷ የሚሆነው በእግሮቿ መካከል አልፎ የሚታሰር ማሰሪያ፣ ከአንገቷ በስተጀርባ ጭንቅላቷን የሚደግፍ ትራስና ከውሃ ለማውጣት የሚያዝ እጀታ ያለው ነው። ካለበሷት በኋላ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ይቆልፉ፤ ከዚያ ጃኬቱን በሁለቱ ትከሻዎች ላይ ይዘው ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። ጃኬቱ ብቻውን ተንሸራቶ እስከ አገጯና ጆሮዋ ከወጣ ሰፍቷታል ማለት ነው፤ ውሃ ውስጥም የሚሆነው እንደዚያው ስለሆነ ጃኬቱ ተንሳፍፎ ልጅቷ ከሥሩ ትሾልካለች። «ትልቁ ይሻላል፣ ታድግበታለች» የሚለውን የልብስ አገዛዝ ልማዳችንን እዚህ ላይ መተው ግድ ነው። ሕፃኗን ታቅፎ የሚቀመጠውም ሰው የራሱን ጃኬት ይልበስ፤ ከራሱ ጃኬት ውስጥ ግን አያስገባት፣ ከራሱም ጋር አያስራት። በአየር የሚነፋው ቀጭኑ ጃኬት ደግሞ ለልጆችም ሆነ ዋና ለማይችሉ ሰዎች አይሆንም።

ፖንቱን ላይ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው የፊት ለፊቱን በር ነው። ጀልባው ዙሪያውን አጥር አለው፤ ከአጥሩ ውጭ ግን በስተፊት በኩል ጥቂት የወለል ቦታ ይተርፋል። ልጆች፣ አንዳንዴም ጎልማሶች፣ በሩን ከፍተው እዚያ ላይ ይቀመጡና እግራቸውን ወደ ውሃው ያንጠለጥላሉ፤ ነፋሱ ደስ ይላል፣ ፎቶውም ያምራል። ነጂው ድንገት ፍጥነት ሲቀንስ ወይም ጀልባው የሌላውን ጀልባ ማዕበል ሲመታ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ይወድቃል፤ ጀልባውም ከላዩ ያልፋል፤ ሞተሩ ያለው በስተኋላ ስለሆነ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ነው። ነጂው ያን ለማቆም የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከተነሳበት ጊዜ አንስቶ በሮቹ ሁሉ ተቆልፈው፣ ሰው ሁሉ ከአጥሩ ውስጥ በመቀመጫው ላይ ይሁን። ነጂውም ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ከራሱ ጋር ይሰር፤ እርሱ ራሱ ቢወድቅ ገመዱ ተስቦ ሞተሩ ይቆማል። ይህ መሣሪያ ባላቸውና ርዝመታቸው ከ26 ጫማ በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ነጂው በፍጥነት ሲጓዝ እንዲያስረው ከ2021 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል።

ለመዋኘት ስትቆሙ መልህቁ የሚጣለው ከፊት በኩል ነው፤ ከኋላ የታሰረ ጀልባ በማዕበል ሊጥለቀለቅ ይችላል። ማንም ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉም ይነቀል። ሞተሩ ሳይጠፋ ከጀልባው ኋላ መሰላሉን ይዞ መቆየት ፕሮፔለሩ ባይነካ እንኳ አደገኛ ነው፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚከማቸው እዚያ ነውና። ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን ሰው የጀልባ ጉዞ ወይም የፀሐይ ውጤት አድርጎ ስለሚቆጥረው ራሱን እስኪስት ድረስ ላይጠረጥር ይችላል። ሌክ አና በ1972 ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ተብሎ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ሐይቅ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለውን ነገርና ጥልቀቱን ከላይ ሆኖ ማወቅ ስለማይቻል ከጀልባው ላይ በራስ መወርወር አይገባም። አንዳንድ የሐይቁ ክፍሎች በበጋ በመርዛማ አልጌ ምክንያት ለዋና እንዳይውሉ የቨርጂኒያ ጤና መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ የሚያወጣበት ጊዜ አለና በዋዜማው ይመልከቱ። ጀልባዎች በሚቆሙበትና ኤሌክትሪክ በተዘረጋበት መሳፈሪያ አጠገብም ልጆቹ ፈጽሞ እንዳይዋኙ ይከልክሉ፤ ከተበላሸ ገመድ ወደ ውሃው የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ የዋናተኛን ጡንቻ ሽባ ያደርጋል፣ ለመርዳት የሚዘለውንም ይይዛል።

የሚሰጥም ሰው የሚጮህ፣ እጁን የሚያውለበልብ ይመስለናል። እውነተኛው መስጠም ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ሰውየው አየር ለመሳብ ሲታገል ለመጮህ የሚተርፈው ትንፋሽ አይኖርም፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ አፉ ከውሃው እኩል ይሆናል፣ በእጆቹም ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ልጅ ከሆነ በዙሪያው ሰዎች እያወሩ እያለ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊሰጥም ይችላል። «ሁላችንም እናያቸዋለን» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት እንዳይሆን፣ ልጆች ውሃ ውስጥ ባሉበት ሰዓት ሁሉ አንድ ጎልማሳ ስልኩን አስቀምጦ፣ ምንም ሳይጠጣና ከማንም ጋር ሳይጫወት እነርሱን ብቻ ይመልከት፤ በየ15 ደቂቃውም ይቀያየሩ። በደንብ የሚዋኙት ሦስቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ አይግቡ። ሰው ቢቸገር ተከትሎ መዝለል የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ አስቀድሞ ገመድ የታሰረበትን ተንሳፋፊ ትራስ፣ ካልተገኘ ባዶ የበረዶ ሳጥን ይወርውሩለት። ከሚጓዝ ጀልባ ላይ ሰው ከወደቀ ያየው ሰው ጮክ ብሎ ይናገር፣ ጣቱንም ከወደቀው ሰው ላይ ሳያነሳ ይጠቁም፤ ነጂው ቀስ ብሎ ተመልሶ፣ ሲቃረብ ሞተሩን አጥፍቶ ያውጣው።

ስለ ቢራው አቋሜን ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ፤ ጀልባው ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ። ነጂው በደሙ ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል ከተገኘበት እንደ መኪና ነጂ ሁሉ በወንጀል ይጠየቃል። ፀሐዩ፣ ንፋሱና የጀልባው መንቀጥቀጥ ሰውነትን በራሳቸው ያደክማሉ፤ በዚያ ላይ የተጨመረ ቢራ መሬት ላይ ከሚሠራው በላይ ይሠራል። ተሳፋሪውም ቢሆን የሚወድቀው ሚዛኑን ሲስት ነው። ቢራው በመኪናው ውስጥ በበረዶ ይቆይና ጀልባው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ፣ ሥጋው ሲጠበስ ይከፈት፤ ያን ጊዜም ወደ ቤት መኪና የሚነዱት ሰዎች አስቀድመው ይለዩ።

የአየሩ ነገር አጭር ነው። በጁላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ስለሆነ ሁለቱንም ዙር ጠዋት አድርጉት፤ የመጀመሪያውን ነጎድጓድ ስትሰሙ ወደ ዳር ውጡ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። ዳር ለሚቀረው ሰው የተሳፋሪዎቹን ስም፣ የምትሄዱበትን አቅጣጫና የመመለሻችሁን ሰዓት ጽፋችሁ ተዉለት፤ ከዚያ ሰዓት ከዘገያችሁና ስልክ ካላነሳችሁ ወደ 911 እንዲደውል ይወቅ።

እናትዎን በሚመለከት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን ለብቻቸው ጠይቀዋቸው በእውነት መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ ይስሙ። ብዙ እናቶቻችን ልጆቻቸውን ደስ ለማሰኘት ሲሉ የሚፈሩትን ነገር እሺ ይላሉ። ምናልባትም ጣናን ያለ ምንም ጃኬት በጀልባ ሲሻገሩ እንደኖሩና እግዚአብሔር እንደጠበቃቸው ይነግሩዎት ይሆናል። አይከራከሯቸው፤ የልጅ ልጃቸው እርሳቸውን አይታ እንደምትለብስ ብቻ ይንገሯቸው። ረጅሙን ቀሚስና ነጠላውን ለምሳው ያቆዩላቸው፤ ውሃ የጠጣ ረጅም ልብስ ከእግር ጋር ይጠመጠማል፣ ነጠላውም ጃኬቱን ከደረት ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ለጀልባው ቀለል ያለ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ ይበቃቸዋል። ሲሳፈሩ ጀልባው ፊትና ኋላ በገመድ ታስሮ ይቁም፤ አንድ ሰው ከውስጥ፣ አንድ ሰው ከዳር ሆነው በሁለት እጃቸው ይደግፏቸው፤ አንድ እግር ጀልባው ላይ አንድ እግር ዳር ላይ ሆኖ መዘግየት አይገባም። መካከለኛው መቀመጫ ላይ፣ በጥላ ሥር ይቀመጡ፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን ጠብቀው ይስጧቸው፣ ውሃም ቶሎ ቶሎ ያጠጧቸው።

ይህ ሁሉ ተነግሮ ባለቤትዎ «16ታችንም በአንድ ጊዜ እንሳፈራለን» ቢሉ፣ እርስዎ ከልጆቹና ከእናትዎ ጋር ፓርኩ ውስጥ ቢቀሩ ትክክል ነዎት። ይህንንም ጠዋት ጀልባው አጠገብ ሳይሆን ከአሁኑ፣ በእርጋታ ይንገሯቸው፤ ዛቻ ሳይሆን ውሳኔ መሆኑ እንዲገባቸው። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት አከራዩ ጋር ይደውሉና የአምስቱን ልጆች ክብደት ነግረው ለእያንዳንዳቸው ልክ የሆነ ጃኬት ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። አከራዮች የአዋቂ ጃኬት በብዛት ቢኖራቸውም የትንንሾቹ ልክ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከሌለ ለመግዛትና እቤት አልብሶ ለመሞከር አሁን ጊዜ አለዎት።